ገናን በቶቦልስክ

ታኅሣሥ 25፤ ባቡር ላይ

ባቡሩ ሞስኮን ከለቀቀ አምስት ሰዓት አልፎታል። በመስኮት የሚታየው የበርች ዛፍ፣ ጥድና በረዶ ነው፤ ደግሞ በርች፣ ጥድና በረዶ። የተሳፈርኩት «ፕላትስካርት» በሚሉት ፉርጎ ነው፤ በር የሌለው፣ 54 አልጋ ያለው፣ የአንዱ ማንኮራፋት ለሁሉም የሚዳረስበት። በፉርጎው ጫፍ ቀንና ሌሊት የሚፈላ የውኃ ጋን አለ። ሻይ ቀድቼ ስመለስ ብርጭቆው ጣቴን እያቃጠለኝ፣ በሌኒንግራድ የተማሪነት ዘመኔ ትዝ አለኝ። ያኔ አገሩ ሶቪየት ኅብረት ይባል ነበር። ከ35 ዓመት በላይ ያልተናገርኩት ሩሲያኛ እየተንገዳገደም ቢሆን እየተመለሰልኝ ነው።

ወደ ሳይቤሪያዋ ከተማ ወደ ቶቦልስክ የምሄደው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ሣር ቤት አካባቢ፣ በፑሽኪን አደባባይ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ከባለ ቅኔው ይልቅ ቅድመ አያቱ ነው ወደ ልቤ የሚመጣው። አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል፣ እኛ ሃኒባል የምንለው፣ በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በኢስታንቡል በኩል ታላቁ ጴጥሮስ ዘንድ ደረሰ። በ1705 ሲጠመቅ ዛሩ ራሱ የክርስትና አባት ሆነው። ፈረንሳይ ተልኮ ምህንድስና ተማረ፤ ተመልሶም ሒሳብ አስተማረ። የትውልድ ቦታውን «ላጎን» ብሎ ጽፏል። እኛ መረብ ማዶ ያለው ሎጎ ነው ስንል ኖረናል። ከቻድ ሐይቅ በታች፣ ዛሬ ካሜሩን ውስጥ ያለችው ሎጎን ናት የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክራቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የሆነው ሆኖ ጴጥሮስ ከሞተ በኋላ፣ በ1727 ባለ ሥልጣኑ ሜንሺኮቭ ይህን ሰው ወደ ሳይቤሪያ አጋዘው። መንገዱ በቶቦልስክ በኩል ነበር። የዚያን መንገደኛ ከተማ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

(የታሪኩን ዓመት፣ ወርና ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የውሎዬንና የጾማችንን ቀን ግን በራሳችን።)

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አሮጊት ስንቃቸውን ዘረጉ፤ የተቀቀለ ድንች፣ በጨው የተቀመጠ ኪያር፣ ጥቁር ዳቦ። «ብላ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። እየጾምኩ መሆኔን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው። የሩሲያ ኦርቶዶክሶች የገናን ጾም ዓሣ በተፈቀደበት ቀን ዓሣ እየበሉ ይጾሙታል፤ የመጨረሻዎቹን ቀኖች ግን ዓሣም የለም። እኛ ኅዳር 15 እንደምንጀምር ስነግራቸው በጣታቸው ቆጠሩ። እነሱ የሚጀምሩት በእኛ ኅዳር 19 ነው፤ በአራት ቀን በለጥናቸው። የምንፈታው ግን በአንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ኪያሩም ድንቹም የጋራችን ሆነ።

ታኅሣሥ 26፤ ከቱመን ወደ ሰሜን

ኡራልን የተሻገርነው ስተኛ ነው። ቱመን ስንደርስ ጀንበር ጠልቃለች። ከዚህ በኋላ ሐዲዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ቶቦልስክ አራት ሰዓት ያህል ይቀራል።

ይህ መታጠፍ የከተማዋ ታሪክ ግማሽ ነው። ቶቦልስክ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የሳይቤሪያ ዋና ከተማ ነበረች። በ1708 የሳይቤሪያ ጠቅላይ ግዛት ሲቋቋም ከኡራል እስከ ፓስፊክ ያለው አገር ከዚህች ከተማ ሊገዛ ተወሰነ። በ1885 የባቡር ሐዲድ ቱመን ደረሰ። በ1891 መሠራት የጀመረው ታላቁ የሳይቤሪያ ሐዲድ ደግሞ ከቱመንም ወደ ደቡብ ርቆ አለፈ። ነጋዴው፣ ፖስታው፣ ባለ ሥልጣኑ ሁሉ ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ። ባቡር ቶቦልስክ የገባው በ1960ዎቹ ነው፤ እሱም ለከተማዋ ተብሎ ሳይሆን ወደ ሰሜን ወደ ነዳጅ ዘይቱ ለመድረስ። ዛሬ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ግዙፍ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ አለ፤ ሌሊት መብራቱ ሌላ ከተማ ይመስላል።

ጣቢያው ከከተማው ራቅ ይላል። ከባቡር ስወርድ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 27 ነበር። አፍንጫዬ ውስጥ ያለው እርጥበት ወዲያው ጠጠረ። ታክሲ ይዤ ወደ ተከራየሁት ቤት ገባሁ። አከራዬ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ በር ላይ ቆመው ጫማዬን አዩና ምንም ሳይሉ ወፍራም የበግ ጠጉር ካልሲ አመጡልኝ።

ታኅሣሥ 27፤ የላይኛው ከተማ

እዚህ በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስለዚህ ቀኑን መስረቅ ያስፈልጋል። ገና ሲነጋጋ ወጣሁ።

ቶቦልስክ ሁለት ከተማ ናት። የላይኛው ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ገደል አፋፍ ላይ፣ የታችኛው ከኢርቲሽ ወንዝ ዳር በረግረግ ሜዳ ላይ። አፋፉ ላይ ክሬምሊኑ ቆሟል። ክሬምሊን ሲባል ለብዙዎቻችን ሞስኮ ብቻ ናት የምትታየን፤ ቃሉ ግን የከተማ ምሽግ ማለት ነው፣ ብዙ የድሮ የሩሲያ ከተሞችም አላቸው። በሳይቤሪያ ምድር በድንጋይ የተሠራው ግን ይህ አንዱ ብቻ ነው። ነጭ ግንብ፣ ነጭ በረዶ፣ ነጭ ሰማይ፤ ከዚያ መሐል በወርቅ ኮከብ የተዥጎረጎሩ ሰማያዊ ጉልላቶች። ቆሜ ቀረሁ። ጎንደር ፋሲል ግቢ መጀመሪያ የገባሁ ቀን እንዲህ ሆኜ ነበር።

የቅድስት ሶፍያ ካቴድራል ከ1683 እስከ 1686 ተሠራ። ሳይቤሪያ ውስጥ እስከ ዛሬ ከቆሙት የድንጋይ ሕንፃዎች ቀዳሚው ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር እንጨት ነበር፣ በየጊዜውም እሳት ይበላው ነበር። ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብ፣ ጡብ እንዴት እንደሚተኮስ የሚያውቁ ሰዎችን ከሩቅ ማምጣት አስፈለገ።

ክሬምሊኑን የነደፈው ግን የከተማዋ ልጅ ነው። ሴምዮን ሬሜዞቭ በ1642 እዚሁ ተወለደ። ወታደር ነበር፤ ሥዕል ሠሪ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊ ነበር፤ ትምህርት ቤት ያልገባ መሐንዲስ ነበር። በ1701 ልጆቹን ረዳት አድርጎ የሳይቤሪያን የካርታ መጽሐፍ ጨረሰ። ሃያ ሦስት ካርታ አለው፤ በካርታዎቹ ላይ ደቡብ ከላይ፣ ሰሜን ከታች ነው። የአንዱን ቅጂ ሙዚየም ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ወንዞቹ እንደ ዛፍ ሥር ይቀጣጠላሉ። መንገድ በሌለበት አገር ወንዝ ነው መንገዱ፣ ስለዚህ ሰውዬው ምድሩን የሣለው በወንዞቹ ነው። በአውሮፓውያን መለኪያ ትክክል ባይሆንም የሚጓዝ ሰው ይዞት ቢወጣ አይጠፋም። ይህን ሰው በጣም ወደድኩት። የከተማዋ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ተሰይሟል፤ ይገባዋል።

ከዚያ ወደ ደወሉ።

ስለ ቶቦልስክ ካነበብኩት ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። በ1591 ኡግሊች በምትባል ከተማ የዛሩ፣ የአስፈሪው ኢቫን፣ ትንሹ ልጅ ዲሚትሪ ጉሮሮው ተቆርጦ ተገኘ። የከተማው ደወል ተደወለ፤ ሕዝቡ ወጣ፤ ገዳይ ናቸው ያላቸውን ሰዎች ገደለ። ከሞስኮ መርማሪ መጣና ልጁ በራሱ ቢላ በአደጋ ሞቷል ብሎ ደመደመ። በሕዝቡ ላይ ቅጣት ወረደ፤ የተገደለው ተገደለ፣ የተጋዘው ተጋዘ። ደወሉም ተቀጣ። ከማማው ወደ መሬት ተወረወረ፤ ተገረፈም ይባላል። መምቻውን፣ እነሱ «ምላስ» የሚሉትን፣ ነቀሉት፤ ጆሮውን ቆረጡት፤ ከዚያም ሕዝቡ ወደ ተጋዘበት ወደ ሳይቤሪያ ሰደዱት። በ1593 ቶቦልስክ ደረሰ። ከተማዋ የተመሠረተችው በ1587 ስለሆነ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ደወሉ ወደ ኡግሊች የተመለሰው በ1892 ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት ግዞት አንድ ብቻ ሲቀረው። ዛሬ ቶቦልስክ ያለው ቅጂው ነው። እጄን ከጓንቲ አውጥቼ ነካሁት፤ ብርዱ ነደፈኝ።

እኛም ስለ ግዞት እንግዳ አይደለንም። መሳፍንት በአምባ ላይ የሚታሠሩበት አገር ነን፤ «ወህኒ» የሚለው ቃላችን ራሱ የጎንደር ዘመን መሳፍንት የታጎሩበትን አምባ ስም ይዞ የመጣ ነው። ነገር ግን ደወል የሚጋዝበት ታሪክ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ማን እንደ ጮኸ መርምሮ ማግኘት ያልቻለ ኃይል፣ ድምፁን ራሱን ያሥራል።

ከክሬምሊኑ አጠገብ የእስር ቤቱ ግንብ አለ። በ1855 ተሠርቶ ያለቀ፣ እስከ 1989 እስረኛ የነበረበት፣ አሁን ሙዚየም የሆነ። ከ1822 ጀምሮ የግዞተኞች መሥሪያ ቤት የነበረው እዚሁ ቶቦልስክ ነው፤ ወደ ሳይቤሪያ የሚነዳ እስረኛ ሁሉ እዚህ ተመዝግቦ ወዴት እንደሚሄድ ይመደብ ነበር። የጨለማ ክፍሎቹን አይቼ ቶሎ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ሲቆዩበት ደረት ላይ ይቀመጣል።

ደራሲው ዶስቶየቭስኪም በዚህች ከተማ አልፏል። በጥር 1850፣ ሞት ተፈርዶበት በመጨረሻዋ ደቂቃ ወደ ከባድ ሥራ ግዞት የተለወጠለት የ28 ዓመት ወጣት ሆኖ፣ እግሩ በሰንሰለት እንደ ታሠረ። በዚያን ጊዜ በነበረው እስር ቤት ሳለ፣ በዛሩ ላይ በተነሣው በ1825ቱ የታኅሣሥ ዓመፅ የተጋዙ ባሎቻቸውን ተከትለው የመጡ ሴቶች ሊጠይቁት ገቡ። ናታልያ ፎንቪዚና አንዷ ነበሩ። ለእያንዳንዱ እስረኛ አንድ አዲስ ኪዳን ሰጡ፤ በሽፋኑ ውስጥ አሥር ሩብል ተደብቆ ነበር። ዶስቶየቭስኪ ያንን መጽሐፍ እስከ ሞተበት እስከ 1881 ድረስ ከእጁ አልለየውም። ሴቶቹ ምንም ያልተፈረደባቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ከቤታቸው የወጡ ናቸው። ስለ እነሱ አስቤ ማታ አከራዬን ስጠይቃቸው «እዚህ ከተማ ስንቅ ማቀበል የቆየ ሙያ ነው» አሉኝ።

ታኅሣሥ 28፤ የታችኛው ከተማ፣ የዛሩ ቤት፣ የገና ዋዜማ

ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው የእንጨት ደረጃ 198 እርከን ነው። ቆጠርኩት፤ ጉልበቴም ቆጠረው። በረዶው ተጠርጎ በእርከኖቹ ጠርዝ ላይ ተቆልሏል። ደረጃው የሚጀምረው ከአንድ ቅስት ሥር ነው፤ ቅስቱን የተሸከመው ሕንፃ ሬንቴሬያ ይባላል፣ የግምጃ ቤት ነበር። የሠሩት የስዊድን ምርኮኞች ናቸው።

ጴጥሮስ በ1709 ፖልታቫ ላይ ስዊድንን ድል ሲያደርግ የተማረኩት መኮንኖች ብዙዎቹ ወደዚህ ተላኩ። ከነዚህ አንዱ ስትራለንበርግ ነው። ምርኮኛ ሆኖ ከ1711 ጀምሮ አሥር ዓመት ተቀመጠ፤ ቁጭ ብሎ ግን አልቆዘመም። ሕዝቡን፣ ቋንቋውን፣ ወንዙን መዘገበ፣ ካርታ ሠራ። ነጻ ወጥቶ በ1730 ስቶክሆልም ላይ ሥራውን አሳተመ፤ ኡራል የአውሮፓና የእስያ ወሰን ነው የሚለውን ሐሳብም አጥብቆ ያቀረበ እሱ ነው። ዛሬ ልጆች በጂኦግራፊ ትምህርት የሚሸመድዱት ወሰን የአንድ ግዞተኛ ትዝብት አለበት ማለት ነው።

ስዊድናውያኑን ያሠራቸው የመጀመሪያው የሳይቤሪያ ገዥ ልዑል ማትቬይ ጋጋሪን ነው። የቶቦል ወንዝ መጋጠሚያ የከተማውን ገደል እየበላ ስላስቸገረ ቦዩን አስቆፍሮ ወንዙን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው። ወንዝ ያዞረ ሰው በ1721 በሙስና ተፈርዶበት ፒተርስበርግ ላይ ተሰቀለ፤ ሬሳው ለወራት ሳይወርድ ቆየ።

ታች ያለው ከተማ ያሳዝናል፣ ያምራልም። የእንጨት ቤቶች እስከ መስኮታቸው ወደ መሬት ሰምጠዋል፤ የመስኮቶቹ ጠርዝ ግን እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ነው። የፖላንድ ግዞተኞች ልጆች የሠሩት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ትንሽ ራቅ ብሎ የአገሬው ሙስሊሞች፣ የታታሮች፣ ቀይ የጡብ መስጊድ። በአንድ ማለዳ የሦስት እምነት ጣሪያ አየሁ።

ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሻፕ ዶትሮሽም በ1761 ወደዚህ መጥቶ ነበር። ሰኔ 6 ቀን ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ከፓሪስ ድረስ በበረዶ ላይ ሠረገላ ተጉዞ ደረሰ። በዚያው የጸደይ ወራት ኢርቲሽ ሞላ፣ የታችኛውን ከተማ አጥለቀለቀ። ሕዝቡ ይህ ከሰማይ ጋር የሚነካካ ፈረንጅ ነው ያመጣብን ብሎ ተነሣበት፤ ገዥው ዘብ አቆመለት። ሊቁ ግን ቬኑስን አየ። በፍርሃት ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን ሳያዛንፍ የመዘገበ ሰው አክብሮት ይገባዋል፤ ቤቱ በውኃ የተወሰደበትን ሰው ፍርሃትም መናቅ አልፈልግም።

ሜንዴሌቭም የዚህች ከተማ ልጅ ነው፤ በ1834 ተወለደ። ሁላችንም በኬሚስትሪ ክፍል ግድግዳ ላይ ያየነውን ሰንጠረዥ የሠራው። አባቱ ጂምናዚየም የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ዓይናቸው ጠፋ። እናቱ ማሪያ ከከተማው ውጭ አሬምዝያንካ በሚባል መንደር የመስታወት ፋብሪካ እያስተዳደሩ ቤተሰቡን አኖሩ። ባላቸው ሞቱ፤ በ1848 ፋብሪካው ተቃጠለ። እኚያ ሴት የመጨረሻ ልጃቸውን ይዘው በ1849 ከሳይቤሪያ ወጡ፤ ሞስኮ ላይ አልሆነላቸውም፣ ፒተርስበርግ ድረስ ሄደው ልጁን ትምህርት ቤት አስገቡ። ገብቶ ብዙም ሳይቆይ በ1850 ሞቱ። በመላ አገራችን ልጇን ለማስተማር የተንከራተተች እናት ያላወቀ ስለሌለ፣ ይህን ታሪክ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከዚያ የዛሩ ቤት። ኒኮላይ 2ኛ ዙፋኑን ከለቀቀ በኋላ በነሐሴ 1917 ከነቤተሰቡ ወደ ቶቦልስክ ተላከ። «ሩስ» በምትባል መርከብ ከቱመን ሲመጡ የቤተሰቡ ባለሟል የነበረውን የራስፑቲንን መንደር ፖክሮቭስኮዬን ከመርከቧ ላይ ሆነው አይተዋል። የገዥው ቤት ዝግጁ ስላልነበረ ጥቂት ቀን መርከቧ ላይ አደሩ። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው፣ በ2018 የተከፈተ። ክፍሎቹ ትልልቅ አይደሉም። የቀድሞው ዛር በግቢው ውስጥ እንጨት ይፈልጡ ነበር። ልጆቹ የበረዶ ኮረብታ ሠርተው ይንሸራተቱበት ነበር፤ ወታደሮቹ አፈረሱባቸው። በሚያዝያ 1918 ዛሩና ባለቤታቸው ከአንዲት ልጃቸው ጋር ወደ የካተሪንበርግ ተወሰዱ፤ የቀሩት ልጆች በግንቦት ተከተሉ። ሐምሌ 17 ቀን ሁሉም ተገደሉ።

በመስኮቱ በኩል መንገዱን እያየሁ በ1974 መስከረም የሆነው ትዝ አለኝ። ሕፃን ነበርኩ። ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው መወሰዳቸውን አባቴ ለእናቴ በሹክሹክታ ሲነግራት ሰምቻለሁ። ስለ ሥርዓቱ ያለኝ አቋም አልተለወጠም፤ የበረዶውን ኮረብታ ሳስብ ግን አንጀቴ ተላወሰ። የልጆች መጫወቻ ነበር።

ሌሊት ወደ ቅዳሴው ሄድኩ። ሶፍያ ካቴድራል የበጋ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለክረምት ከጎኑ ሙቀት ያለው የፖክሮቭ ካቴድራል በ18ኛው ምዕተ ዓመት ተሠርቶለታል። ሴቶች ሻሽ አስረዋል፣ ሁሉም ቆሟል፤ እንደኛው። ጫማ የሚያወልቅ ግን የለም፣ ከበሮም ጸናጽልም የለም፤ የሰው ድምፅ ብቻ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል ወፍራም ዜማ። በእምነት ቀኖና የተለያየን ስለሆንን ሥጋ ወደሙ ለመቀበል አልቀረብኩም፤ ጧፌን ለኩሼ ከኋላ ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ ግን አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። በዚሁ የገና ቀን፣ በ1918፣ የዛሩ ቤተሰብ በታችኛው ከተማ በነበረው የብሥራት ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ፣ ዲያቆኑ እንደ ድሮው በማዕርግ ስማቸው «ረጅም ዕድሜ» ብሎ ዜማውን ከፍ አድርጎ አወጣ። በጊዜው ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸው ተገደበ። ያ ቤተ ክርስቲያን በሶቪየት ዘመን ፈርሷል፤ ልቆምበት አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 29፤ ገና

ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ ጥቂት ተኝቼ ወደ ዛቫልኖዬ መካነ መቃብር ሄድኩ። ስሙ «ከከተማው ቅጥር ማዶ» ማለት ነው። በርቾቹ መሐል መንገዱ በረዶ ለብሷል፤ የእግሬ ጩኸት ብቻ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ የባለቤታቸውን መቃብር በመጥረጊያ እየጠረጉ ነበር። የማንን እንደምፈልግ ሲሰሙ መጥረጊያቸውን ተደግፈው በእጃቸው አመለከቱኝ።

ቪልሄልም ኪዩኸልቤከር። ፑሽኪን በ1811 በተከፈተው የዛር መንደር ሊሴ ሲማር የክፍል ጓደኛው የነበረ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባለ ቅኔ። በታኅሣሥ 1825ቱ ዓመፅ ገባ፤ አሥር ዓመት በምሽግ እስር፣ ከዚያ ሳይቤሪያ። ዓይኑ ጠፋ፤ በሳንባ ነቀርሳ ታመመ፤ በ1846 ቶቦልስክ ላይ ሞተ።

በጥቅምት 1827 ፑሽኪን በአንዲት የፖስታ ጣቢያ ፈረስ እስኪቀየር ሲጠብቅ እስረኞች የጫኑ ሠረገላዎች መጡ። ከእስረኞቹ አንዱ ጺሙ ያደገ፣ የመነመነ ሰው፣ አተኩሮ አየው። ተያዩ። ከዚያ ሮጠው ተቃቀፉ፤ ወታደሮቹ አላቀቋቸው። ዳግመኛ አልተገናኙም።

መቃብሩ ፊት ቆሜ የቁጥሩ ነገር ገባኝ። 1727 ላይ ቅድመ አያቱ ወደ ሳይቤሪያ ተነዳ። 1827 ላይ ፑሽኪን፣ የዚያ አፍሪካዊ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ወደ ግዞት የሚነዳ ጓደኛውን አቀፈ። መቶ ዓመት፣ አንድ መንገድ። የጋኒባልን ስም በከተማው ግድግዳ ስፈልግ ሁለት ቀን ዋልኩ፤ በመንገዴ የገጠመኝ ጽሑፍ የለም። እሱ እዚህ አልተቀበረም፣ አልቆየም፤ ወደ ምሥራቅ እስከ ሴሌንጊንስክ ድረስ ሄዶ የቻይናን ወሰን የሚጠብቅ ምሽግ እንዲሠራ ተደረገ። በ1730 በቶቦልስክ ዘብ ሻለቃ ሆኖ ተመድቦ ነበር፤ ኋላ ሙሉ ጄኔራል ሆነ፤ በ1781 በራሱ ርስት ሱይዳ ላይ ዐረፈ። የጓደኛው መቃብር ግን እዚህ አለ፣ አበባም ተቀምጦበታል። በጓንቴ በረዶውን ከድንጋዩ ላይ ጠረግኩለት።

ጾም የፈታሁት በአከራዬ ቤት ነው። የሥጋ ፔልሜኒ በእጃቸው ጠቅልለው፣ በመረቁ አቅርበው፣ በላዩ የእርጎ ክሬም። ዶሮ ወጥ አይደለም፤ ከአርባ ቀን በላይ ሥጋ ያልቀመሰ ሰው ግን ሲያማርጥ አይታይም። በሻንጣዬ የያዝኩትን የይርጋ ጨፌ ቡና በማሰሮ አፈላሁላቸው። ጀበና የለ፣ ረከቦት የለ፤ ሽታው ግን ቤቱን ሞላው። ሦስት ጊዜ እንደሚጠጣ ስነግራቸው «እንግዲያው ሦስተኛው ሳይደርስ ማንም አይነሣም» አሉና ወንበራቸውን ወደ ምድጃው ሳቡ።

ታኅሣሥ 30፤ ኢርቲሽ

የመጨረሻው ጠዋት። ኢርቲሽ ላይ በእግሬ ወረድኩ። ወንዙ እንደ ሜዳ ጠጥሯል፤ ዓሣ አጥማጆች ቀዳዳ ቆፍረው በትናንሽ ወንበር ተቀምጠዋል። ከወንዙ መሐል ቀና ሲሉ ክሬምሊኑ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል።

ይህ ወንዝ ሌላም ሰው ውጧል። በ1582 ኮሳክ የሚባሉት የጠረፍ ተዋጊዎች አለቃ ዬርማክ የሳይቤሪያን ካን (የታታሮቹን ንጉሥ) ኩቹምን አሸንፎ ዋና ከተማውን ኢስከርን ያዘ፤ በ1585 ኩቹም በሌሊት ሲያጠቃው እዚሁ ኢርቲሽ ውስጥ ሰጠመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዳኒላ ቹልኮቭ ቶቦልስክን መሠረተ። በ1588 በኢስከር የነበረውን የታታሮች መሪ ሰይድ አህመድን ግብር ላይ ጋብዞ በማዕድ ፊት አስያዘው። ዬርማክ በአትክልት ቦታው ውስጥ ረጅም ሐውልት አለው። የኢስከር አፋፍ ግን በወንዙ ተበልቶ አብዛኛው ጠፍቷል። የታታሮቹ ከተማ በውኃ ውስጥ ነው፤ እነሱ ግን እዚሁ አሉ፣ መስጊዳቸውም ከትናንት ወዲያ ያየሁት ነው። ስለ ቶቦልስክ የሚነገረው ታሪክ ከ1587 ሲጀምር ይህ ክፍል ይጎድለዋል።

ከሰዓት በፊት የአጥንት ቅርጽ ሠሪዎችን ጎበኘሁ። በቀለጠው በረዶ ሥር ከሚወጣ የማሞዝ (ዘሩ የጠፋ የጥንት ዝሆን) ጥርስ፣ ከአጋዘን ቀንድ ትንንሽ ምስል ይፈለፍላሉ። ከቀንድ የተሠራች የአጋዘን ምስል ገዛሁ፤ የማሞዙ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል።

ባቡሬ ማታ ስለሆነ ሙዚየሙ ተመለስኩ፤ የሬሜዞቭን ወንዞች አንድ ጊዜ ላያቸው። በመውጫው ጠረጴዛ ላይ የእንግዶች መዝገብ ነበር። ብዕሩን አንስቼ በራሳችን ፊደል ጻፍኩ፦ «አብራም ፔትሮቪች ሃኒባል፣ የፑሽኪን ቅድመ አያት፣ በ1727 በግዞት በዚህች ከተማ አለፈ። ከአዲስ አበባ መጥቼ ጠየቅሁት።» በሩ ላይ የተቀመጡት ሠራተኛ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ገጹን አዩ። ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አንዴ በአማርኛ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። አነበብኩ። ከዚያ ብዕሩን ከእጄ ወሰዱና ከጽሑፌ ሥር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንዲረዳው፣ በሩሲያኛ ቃል በቃል ይጽፉት ጀመር።